ሲንጀር ለምን ወደ ኋላ ትሽከረከራለች?

በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ከላስታ ደጋ እህሉንና ማሩን ይዞ የመጣ ገበያተኛ፣ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት የተቀደደ ልብሱን ለማሰፋት ወደ ልብስ ሰፊ ጎራ ማለቱ የተለመደ ነው። ሕዝቡ በኩባንያዋ ስም «ሲንጀር» የሚላት ጥቁር የእግር መኪና መብራት አትሻም፤ የምትሻው እግር ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ ሳቢያ ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ በቆየችበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ በጓዳ አቧራ የለበሰች ሲንጀር «ደርቃለች» ተብላ ለቆራሌው ከመሸጧ በፊት ልትመረመር ይገባል። ብዙውን ጊዜ የያዛት ስብራት ሳይሆን የቆየ ዘይት ነው። ዘይት ለዓመታት ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው እንደ ሙጫ ይወፍራሉ። የምግብ ዘይት በተለይ ድርብ ትስስሮች ስላሉት ፈጥኖ ይጋግራል፤ በቸገረ ጊዜ እርሱን የሚቀቡ ሰዎች መኪናቸውን ሳያውቁ ያጣብቃሉ። መፍትሔው ከእሳት ርቆ በየዘይት ቀዳዳው ጥቂት ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጎ ማሳደር፣ ጎማውን ሳያስገድዱ በእጅ ወዲያና ወዲህ ማነቃነቅ፣ ከዚያም ጠርጎ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት መስጠት ነው።

መኪናዋ ተፈታች እንበል። ጀማሪው መርገጫውን ሲጫን ጎማው ወይ ንቅንቅ አይልም፣ ወይ ወደ ኋላ ዞሮ ክሩን ይበጥሳል። ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም። መርገጫውን ከታችኛው ትልቅ ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ የሚያያዘው ከጎማው እምብርት ወጣ ብሎ ነው። ዘንጉ፣ መያዣውና እምብርቱ በአንድ መስመር ሲውሉ የእግሩ ኃይል በእምብርቱ በኩል ስለሚያልፍ ጎማውን የሚያዞር ጉልበት አይገኝም። መሐንዲሶች ይህን «ሙት ነጥብ» ይሉታል፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይደርሳል። የእንፋሎት ባቡር ችግሩን የፈታው የግራና የቀኝ ክንዶቹን በ90 ዲግሪ በማለያየት ነው። ሲንጀር ግን ያላት አንድ ዘንግ ብቻ ነው፤ ሙት ነጥቡን የምታልፈው ከባዱ ጎማ በያዘው ፍጥነት ነው። ቆማ ስትነሣ ፍጥነት የላትም። ስለዚህ ልብስ ሰፊው አስቀድሞ ላይኛውን ትንሽ ጎማ በቀኝ እጁ ወደ ራሱ ያዞራል፣ እግሩም ይከተላል። የቆዳው ቺንጋ ላልቶ ከሆነ ይህም አይረዳም።

መርፌዋ ቀዳዳዋ በጫፏ በኩል ነው፤ አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ያገኘበት መኪና በዚሁ ስልት ይሠራ ነበር። መርፌዋ ወርዳ ጥቂት ከፍ ስትል ክሩ ከኋላዋ እንደ ቀለበት ይላላል፤ ልክ እንደ ሸማኔው፣ መወርወሪያ በቀለበቱ ውስጥ የታችኛውን ክር ይዞ ያልፋል። በኋለኞቹ ዓይነቶች ይህን የሚሠራው መንጠቆ ነው። ሁለቱ ክሮች መጠላለፍ ያለባቸው በጨርቁ ውፍረት መካከል ነው። የታችኛው ክር ላይ ላዩን ከታየ ላይኛው ከመጠን በላይ ጠብቋልና ማጥበቂያውን ጥቂት ማላላት ይበቃል።

ለማጅ ግን ክር አይቸኩል። መጀመሪያ የተሰመረ የደብተር ወረቀት ያለ ክር ይውጋ፤ ቀዳዳዎቹ መስመሩን ሲከተሉ አቡጀዲ ያምጣ።