ፋሲካ በጦር ሰፈር



ፋሲካ የገበታ በዓል ነው። አምሳ አምስት ቀን ሙሉ ከጥሉላት ምግብ ተከልክሎ በጾምና በስግደት የሰነበተ ቤተሰብ፣ ሌሊቱን በቅዳሴ አሳልፎ ዶሮ ሲጮኽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ዶሮ ወጡ ይቀርባል፤ ታላቅም ታናሽም በአንድ መሶብ ዙሪያ ይሰበሰባል። ይሁን እንጂ በዚያ መሶብ ዙሪያ ቦታው ክፍት ሆኖ የሚያድር ሰው በየዓመቱ አይታጣም። ይኸውም ግዳጅ ላይ ያለው ወታደር ነው። በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ ልጇን ለአገር ጥበቃ የላከች እናት በበዓሉ ሌሊት በልቧ የምትጠይቀው አንድ ነው፤ «ልጄ ዛሬ የት ሆኖ ይፈስክ ይሆን? ጾሙንስ እንዴት አድርጎ ጾሞት ይሆን?»

ይህ ጥያቄ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ብቻ አይደለም። በዓሉን ፋሲካ ብለን የምንጠራበትን ስም የምንጋራቸው አይሁድ፣ ከእነርሱም መካከል የገዛ ወገኖቻችን ቤተ እስራኤላውያን፣ የጦር መሣሪያና የእግዚአብሔር ሕግ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ለብዙ ዘመን ሲመረምሩት ኖረዋል። ስለዚህ በዛሬው የበዓል ገጻችን ይህን ጉዳይ ልናወሳ ወደድን።

ከእንጦጦ ጫፍ

ከየካ አባዶ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ አሻግሮ ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ሰንሰለት ባሕር ዛፉን ተጎናጽፎ ይታየዋል። ከዚያ ተራራ ላይ ካለችው የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቆመው ጸሎት አድርሰዋል። ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ በጎጃም መንገድ መጥተው ወደ ዋና ከተማቸው ቁልቁል ሊወርዱ ሲሉ ነበር። በዕለቱ በፈረስ ተቀምጦ ከፊት የነበረው እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ነው።

ዊንጌት በእምነቱ ክርስቲያን ቢሆንም በ1930 ዓ.ም. በፍልስጥኤም የአይሁድ ወጣቶችን የሌሊት ውጊያ ያሠለጠነ ሰው ነበር። የሠፈረበት ዓይን ሐሮድ፣ በመጽሐፈ መሳፍንት እንደምናነበው፣ ጌዴዎን ሦስት መቶ ሰዎቹን በውኃ አጠጣጥ የመረጠበት ምንጭ ነው። ከዐርበኞቻችን ጎን ተሰልፎ በጎጃም የዘመተውን የኢትዮጵያውያንና የሱዳናውያን ጦር «የጌዴዎን ጦር» ብሎ መሰየሙም ከዚሁ የመነጨ ነው። በዚህ ዘመቻ ጸሐፊው ሆኖ ያገለገለው አቭራሃም አካቪያ አይሁዳዊ ነበር። በሰሜኑ ግንባር ደግሞ ከፍልስጥኤም የተመለመሉ አይሁድና ዐረቦች በአንድነት የነበሩበት 51ኛው የኮማንዶ ክፍል በከረን፣ ቀጥሎም በአምባላጌ ተዋግቷል። ስለሆነም ለአገራችን ነፃነት ከተሰለፉት መካከል የሙሴን ሕግ የሚከተሉ ወታደሮችም ነበሩ ማለት ነው።

የዚያን ዓመት የቀን አቆጣጠር መመልከት ያስደንቃል። ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው የገቡት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን ዕለቱ የየካ ሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ የሚመለስበት የቅዱስ ሚካኤል ዕለት ነው። የአይሁድ ፋሲካ በዚያ ዓመት ቅዳሜ ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። ከቅድስት ሀገር ውጭ የሚኖሩ አይሁድ በዓሉን ስምንት ቀን ያከብሩታልና ፍጻሜው ቅዳሜ ሚያዝያ 11 ቀን ማታ ሆነ። በዚያው ሌሊት የእኛ ትንሣኤ ገባ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ የደረሱት ንጉሠ ነገሥትም ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ በአገራቸው ምድር የመጀመሪያውን ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን በዘመቻ ላይ ሆነው አከበሩት።

የመጀመሪያው ፋሲካ በተስፋይቱ ምድር

ፋሲካን በጦር ሰፈር ማክበር ግን ከዚህ እጅግ የቀደመ ነገር ነው። እስራኤል ዮርዳኖስን ተሻግረው በተስፋይቱ ምድር የመጀመሪያውን ፋሲካ ያከበሩት በኢያሪኮ ሜዳ፣ በጌልገላ በሠፈሩበት ወቅት እንደሆነ መጽሐፈ ኢያሱ በምዕራፍ 5 ይነግረናል። በማግሥቱ ከምድሪቱ እህል ቂጣ በሉ፤ መናውም ቀረ። የተመዘዘ ሰይፍ የያዘው የእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ለኢያሱ የተገለጠውም በዚያው ሥፍራ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን አለቃ ቅዱስ ሚካኤል ነው ብላ ታስተምራለች። ኢያሱም የታዘዘው ገና ውጊያው ሳይጀመር ጫማውን እንዲያወልቅ ነበር፤ ጦር የሠፈረበት ቦታም ቅዱስ ሊሆን ይችላልና።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 20 ካህኑ ከጦርነት በፊት ለሠራዊቱ እንዲናገር ያዝዛል። አዲስ ቤት ሠርቶ ያላስመረቀ፣ ወይን ተክሎ ፍሬውን ያልቀመሰ፣ ሚስት አጭቶ ያላገባ ወደ ቤቱ እንዲመለስም ይፈቅዳል። እንደ የካ አባዶ ባለ፣ ብዙ ቤተሰብ አዲስ ቤት በገባበት ሰፈር ይህ ቃል ለሰሚው እንግዳ አይሆንበትም።

ሰንበትና ሰይፍ

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የሰንበት ነው። ምሉዕ ሆኖ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው፣ እኛም ቤተ እስራኤላውያንም የምንቀበለው መጽሐፈ ኩፋሌ በመጨረሻው ምዕራፍ በሰንበት መዋጋትን በሞት ከሚያስቀጡ ነገሮች ጋር ይቆጥረዋል። በግሪክ ቋንቋ ተጠብቆ በቆየው፣ ከእኛ ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን በሚለየው የመቃብያን ታሪክ ደግሞ፣ በሰንበት ሰይፍ አናነሣም ያሉ አንድ ሺህ ያህል ነፍሳት በተሸሸጉበት መገደላቸው ተጽፏል። ካህኑ ማታትያስና ተከታዮቹ ይህን ሰምተው እጅግ አዘኑ፤ ከዚያም ጠላት በሰንበት ቢመጣባቸው ራሳቸውን ሊከላከሉ ወሰኑ። የኋላ የአይሁድ መምህራንም ነፍስን ማዳን ሰንበትን ይሽራል የሚለውን ሕግ አጸኑ።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቅዳሜን ሰንበት ከእሑድ ጋር እንዲከበር አጽንታለች። የዐድዋ ጦርነት የተደረገባት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ከመሆንዋም በላይ እሑድ ሰንበት ነበረች። የዓመቱን በዓላት በባሕረ ሐሳብ የሚቈጥር ሰው ያች እሑድ በዐቢይ ጾም ውስጥ መፃጉዕ የምትባለዋ ሆና ያገኛታል። የዕለቱ ወንጌልም ጌታችን ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን ሕሙም በሰንበት ቀን ፈውሶ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ ያዘዘበት ነው።

ከጎንደር እስከ ጽዮን

ቤተ እስራኤላውያን በአገራችን ሲኖሩ ሰንበትን የሚያከብሩት እጅግ በጥብቅ ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፤ የሰንበት ምግብ ቀድሞ የተሰናዳው ነው። ፋሲካ ሲደርስ አሮጌው የሸክላ ዕቃ ይሰበራል፤ በጉ ይታረዳል፤ ሰባት ቀን ቂጣ ይበላል።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ስምንት ሺህ ያህል ሰዎች ወደ እስራኤል ተጓዙ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሕዝብ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። ሁለተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። በሰንበት እሳት የማይነኩ ሽማግሌዎችና ቄሶች በሰንበት ሰማይ ላይ በረሩ፤ ነፍስ ማዳን ነውና።

ልጆቻቸውም በዚያው አገር ወታደር ሆኑ። በእስራኤል ሠራዊት የምግብ ቤቱ ሁሉ በሕጉ መሠረት እንዲሠራ አገሪቱ ስትመሠረት ጀምሮ ተደንግጓል። ፋሲካ ሲቃረብ እርሾ ያለበት ሁሉ ከጦር ሰፈሩ ይወጣል፤ ወታደሩም ቂጣ ይቀርብለታል። በሰንበት ልምምድ ይቆማል፤ የጥበቃና የቅኝት ሥራ ግን አይቋረጥም። መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን አስተሥርዮ ብለው በሚጠሩት የጾም ቀን፣ ያውም ቅዳሜ፣ ጦርነት ሲፈነዳ ወታደሮች ከምኩራብ ተጠርተው ጾማቸውን አቋርጠው ወደ ግንባር ሄደዋል። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። ኦሪትን በማጥናት ላይ ያሉ ወጣቶች ከውትድርና ነፃ ይሁኑ ወይስ አይሁኑ የሚለው ጉዳይ አገሪቱን እንደከፈለ ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት እነርሱም እንዲመለመሉ ወስኗል።

ሁለተኛው ፋሲካ

ታዲያ ልጇ የራቀባት እናት ከዚህ ሁሉ ምን ታገኛለች? ኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 9 ለዚሁ የሚሆን አንድ ሥርዓት አኑሮልናል። በመጀመሪያው ወር ሩቅ መንገድ ላይ ሳለ ፋሲካ ያለፈበት ሰው፣ በሁለተኛው ወር በዐሥራ አራተኛው ቀን እንዲያከብር ተፈቀደለት። ቀርቶብሃል አልተባለም፤ ቀን ተቈረጠለት እንጂ።

የእኛም ሥርዓት በዚህ ረገድ ለጋስ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት አምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ዘመኑ በሙሉ የትንሣኤ ነው። በግዳጅ ላይ ሆኖ ጾሙ የጎደለበት ወታደር ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ያቅርብ፤ ከቤት ያለውም ሰው በማያውቀው ችግር አይፍረድበት። በዓሉም አለፈ ተብሎ ተስፋ አይቆረጥ። ልጁ በዳግም ትንሣኤም ይምጣ በርክበ ካህናት፣ ከዕርገት በፊትም ይድረስ በኋላ፣ ከመሶቡ ዙሪያ የተጠበቀለት ቦታ አለ፤ የሚደርሰውም ለፋሲካ ነው።

በሩቅ ያሉትን በሰላም ይመልስልን። መልካም በዓል።