የውጭ አግዳሚ ቀለም ለምን ቶሎ ይላጣል?

መስከረም ሲጠባ በየትምህርት ቤቱ የማይቀር ሥራ አለ፤ ክረምቱን ደጅ የከረሙት አግዳሚ ወንበሮች ቀለም ይቀባሉ። ለትምህርት መክፈቻው ያብረቀርቃሉ። ጥር ሳይገባ ግን ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል፤ ተማሪው ቁጭ ብሎ ሲነሣ ፍርፋሪው ከልብሱ ጋር ይሄዳል። ያን ጊዜ «ቀለሙ ርካሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ኧረ አይደለም! አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የወሩ ነው።

እንጨት ውኃ ይጠጣል። በሐምሌና በነሐሴ የራሰ እንጨት ከላይ ሲዳሰስ ደረቅ ቢመስልም ውስጡ ገና እርጥብ ነው። በዚህ ላይ የዘይት ቀለም ሲደረብበት እርጥበቱ ይታፈናል፤ የጥቅምት ፀሐይ ሲያሞቀው ደግሞ መውጫ ፍለጋ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያሳብጠዋል። ከዚህም ሌላ እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የደረቀ ቀለም ግን አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር፣ ደባርቅ ከ2,700 ሜትር ይበልጣሉና የፀሐዩ ጨረርም ብርቱ ነው። ቫርኒሽ ብቻ የተቀባ ወንበር ጨረሩን ወደ እንጨቱ ስለሚያሳልፍ ከሁሉ ቀድሞ ይጎዳል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን የጎበኘ ሰው የጣሪያው መላእክት ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንደቆዩ መጠየቁ አይቀርም። የሠዓሊዎቹ ሙያ እንዳለ ሆኖ፣ ዝናብና ፀሐይ አልነካቸውም። አግዳሚንም በክረምት በረንዳ ሥር ማስገባት ከአንድ ቆርቆሮ ቀለም ይበልጣል።

እንግዲህ ሥራው ለኅዳርና ለታኅሣሥ ይቆይ። በመጀመሪያ የላላው ቀለም ይፋቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ አሮጌ ቀለም፣ በተለይ ቢጫና ቀይ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና ተማሪን ለፍቅፈቃ ማሰማራት አይገባም። አዋቂ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ እንጨቱን እያረጠበ ይፋቀው፤ ፍርፋሪው ተጠርጎ ይወገድ፤ እንጨቱም እንደገና በደንብ ይድረቅ።

የመጀመሪያው ቅብ በአኳራጅ ቀጠን ብሎ ወደ እንጨቱ እንዲሰርግ ይደረጋል። (አኳራጅም ሆነ ስቱኮ ከጣሊያንኛ የቀሩልን የሙያ ቃላት ናቸው።) ከዚያ ሁለት ስስ ቅብ፣ በመካከሉ አንድ ሙሉ ቀን እያሳደሩ። አንድ ወፍራም ቅብ ከላይ ቆዳ ያበጅና ከሥሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሰዓቱም ጧት ጤዛው ከደረቀ በኋላ እስከ 9 ሰዓት ነው፤ በዳባትና በደባርቅ ብርድ አመሻሽ ላይ የተቀባ ቀለም ሳይጠና ጤዛ ይወርድበታል።

ብዙ ሰው የሚረሳው እግሩን ነው። በግቢያችን ካሉት አግዳሚዎች አንዱን ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ መሬት የሚነካው ጫፍ ቀለም አላየም። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ደግሞ እንደ ገለባ ክፍት ነው፤ ከጭቃው ውኃ እየሳበ ወደ ላይ ያደርሳል። ስለዚህ ጫፉ እስኪጠግብ ሦስት አራት ጊዜ ይቀባ፤ ከሥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት።

«ለመክፈቻው ግቢው ማማር አለበት» ከተባለስ? በመስከረም ቤት ውስጥ የከረሙት ዴስኮችና የክፍል በሮች የውስጥ ገጽ ይቀቡ። አግዳሚዎቹ እስከ ኅዳር ባዶአቸውን ፀሐይ ይምቱ።