ሻይ ቅጠልና የደጋ ውሃ

እንጅባራ ላይ ጉሙ ሳይገለጥ ሻይ ቤት የገባ ሰው፣ ከመጠጣቱ በፊት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያቅፋል። ሻዩ ጥቁር ነው፤ ስኳሩ በዝቷል፤ የቅርንፉዱ ሽታ አፍንጫ ይሞላል። የቅጠሉን ጣዕም ግን ብዙ ጊዜ አያገኙትም። በራድ ውስጥ ሲንተከተክ ስለቆየ ምሬቱ ብቻ ቀርቷል፤ ምሬቱን ደግሞ ስኳሩ ይሸፍነዋል። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ቅጠሉ ብዙ ተለፍቶበት ነው እዚህ የደረሰው።

ጥቁሩም አረንጓዴውም ሻይ የሚለቀመው ከአንድ ተክል ነው። ለቃሚው ከጫፉ እምቡጡንና ሁለት ለጋ ቅጠል ይቀነጥባል። ቅጠሉ ወዲያው በሙቀት ከተመታ አረንጓዴነቱን ይዞ ይቀራል። ጠውልጎ፣ ተፈጭቶ፣ አየር ካገኘው በኋላ ከደረቀ ግን ይጠቁራል። እኛ ሱቅ የምናገኘው በአብዛኛው ይህ ጥቁሩ፣ እንደ ደቃቅ ጠጠር የተንከባለለው ነው። ደጋው ላይ የሚፈላው ጦስኝ ሻይ ይባል እንጂ የሌላ ተክል ነገር ነው።

በአገራችን የሻይ እርሻ ሲነሳ ኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ያለው ጉማሮ እና ካፋ ቦንጋ አጠገብ ያለው ውሽውሽ ቀድመው ይጠራሉ። ሁለቱም ዝናብ የማይለያቸው የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ናቸው። የሻይ ተክል አሲዳማ አፈር ይወዳል። እንጅባራ ያለችበት የአዊ ደጋ ገበሬ ደግሞ የአፈሩን አሲድ ለማብረድ ኖራ ይበትናል። ታዲያ ሻይ እዚህም ይበቅል ይሆን ብሎ ያላሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሆኖም ተክሉን የደጋው ውርጭ ክፉኛ ይጎዳዋል።

አሁን ወደ ውሃው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 300 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃዋ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ዝቅ የምትለው ዳንግላ ላይ ወደ 93 ይጠጋል። የቱንም ያህል እሳት ቢጨመር ክዳኑን ያንቀጠቅጠዋል እንጂ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ጥቁር ሻይ ጣዕሙን በደንብ የሚለቀው በጣም በሞቀ ውሃ ነው። ስለዚህ በቆላ ሦስት ደቂቃ የሚበቃው ቅጠል፣ እዚህ አምስት ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። መፍትሔው ቅጠሉን መቀቀል ሳይሆን ሙቀቱን መያዝ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱንና ሄሉን በቀዝቃዛ ውሃ ጨምሬ በለስላሳ ፍም ላይ አቆየዋለሁ። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ከዲከረንስ ዛፍ ሲያከስሉት የኖሩት ከሰል ለዚህ ይመቻል። ቅመሙ ጠንካራ ስለሆነ መቀቀል አይጎዳውም። መዓዛው ቤቱን ሲሞላ በራዱን አወርዳለሁ። ያኔ ነው ሻይ ቅጠሉ የሚገባው፤ ለመጀመሪያ ሙከራ ለአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ክዳኑን ገጥሜ በራዱን በወፍራም ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ክዳኑ ሲከፈት፣ እንደ ጠጠር የነበረው ቅጠል አብጦና ተፈትቶ ከታች ተኝቷል፤ ሻዩም ወደ መስኮት ሲያዩት ቀይ ነው። ወዲያው በማጥለያ ይቀዳ፤ ቅጠሉ ውስጡ ከቆየ ይመራል።

አረንጓዴው ሻይ የሚፈልገው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ብቻ ነው። ለእሱ የደጋው ውሃ ይመቻል፤ ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ማቆየት በቂ ነው።

ስኳሩን ማር ሊተካው ይችላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ የአገው ሕዝብ ለጎንደር ማርና ቅቤ እንደሚያቀርብ ጽፏል። ማሩን ብርጭቆ ውስጥ በመጨረሻ ቢጨምሩት መዓዛው ይተርፋል።

ሻይ ቅጠል አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል። በአንድ ወቅት እቤቴ አብሽ ይቀመጥበት በነበረ ቆርቆሮ ገለበጥኩት፤ ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ አጥቤው ነበር። በሳምንቱ ያፈላሁት ሻይ አብሽ አብሽ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑ የሚገጥም ብልቃጥ ለሻይ ብቻ ለይቼ፣ ከበርበሬውና ከሳሙናው አርቄ፣ ብርሃን በማያገኘው ጓዳ ነው የማስቀምጠው።