በስምምነት ለመፋታት ጠበቃ ግድ ነው?

ተስማምተው ለመለያየት የወሰኑ ባልና ሚስት አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰሙት ምክር «ጠበቃ ያዙ» የሚል ነው። ሕጉ ግን አያስገድድም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ሁለቱ የተፈራረሙበትን የፍቺ ስምምነት ከአቤቱታው ጋር አያይዘው ራሳቸው ለቤተሰብ ችሎት ማቅረብ ይችላሉ። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ያላችሁ የክልላችሁን ተመልከቱ።

«ሽማግሌዎች አፋትተውናል» የሚሉም አሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት በእርግጥም የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዛሬ ሥራቸው ማስታረቅ ነው፤ ፍቺ መወሰን የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ገመናችን ችሎት ፊት ይዘረገፋል ብሎ የሚፈራም ብዙ ነው። በስምምነት ለሚፋቱ ምክንያት መናገር ግዴታ አይደለም። ዳኛው ግን ሁለቱንም በአንድነት ወይም ለየብቻ ያነጋግራል፣ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ይመክራል፤ ካስፈለገም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል።

ከሁሉም የሚጎዳው ተረት «ከተስማማን ዳኛው ማኅተም መምታት ብቻ ነው የሚቀረው» የሚለው ነው። ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ በነፃ ፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ያጣራል። ልጆችን ወይም አንደኛውን ወገን የሚጎዳ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን ብቻ ተቀብሎ ጉድለቱን በራሱ ውሳኔ ማረም ይችላል። ስለዚህ ድካማችሁን እዚህ ላይ አውሉት፦ ልጆቹ ከማን ጋር ይኖራሉ? ሌላው ወላጅ በየትኞቹ ቀናት ያገኛቸዋል? ቀለቡ በወር ስንት ብር ነው፣ የትምህርት ቤቱንስ ማን ይከፍላል? ቤቱ፣ መኪናው፣ ዕዳውስ? «በእኔ ስም ነው» ማለት አይበቃም፤ በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተደርጎ ይገመታል። «ብቻ ልገላገል» ብላ ድርሻዋን ትታ የምትፈርም ሴት ታሳዝነኛለች፤ እባክሽ ሳትፈርሚ አንድ ቀን እደሪበት።

ዛቻ ወይም ድብደባ ካለ፣ ንብረት የተደበቀ ከመሰላችሁ ግን ነገሩ የስምምነት ፍቺ አይደለምና የሕግ ባለሙያ ፈልጉ። አቅም ለሌለው የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሉ።

ውሳኔው ሲሰጥ ግልባጩን ይዛችሁ ፍቺውን ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ።