ብር ሳይነኩ መክፈል፦ ኮሮና አስጀመረን፤ ምን አስቀጠለን?



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር፣ አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ብትርቅም ፍርሃቱ እኛ ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ሳኒታይዘርና ጓንት ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ጠፋ። ሙሷፈሓ ቀርቶ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ሰላም መባባል ተለመደ። ብዙም ሳይቆይ የአስቸኳይ ጊዜው ደንብ መጨባበጥን በሕግ ከለከለ።

በእነዚያው ሳምንታት ብርም ተጠርጣሪ ሆነ። ብሩን በፌስታል ጠቅልለው በባንኮኒው ላይ የሚያስቀምጡ፣ መልሱን በእጃቸው ላለመንካት በወረቀት የሚቀበሉ ደንበኞች መጡ። በበረኪና አጥበው ፀሐይ ላይ ያሰጡም ነበሩ። (በረኪና ብሩን ያበላሸዋል፣ እጅንም ያቃጥላል፤ አታድርጉት።) ዛሬ ደግሞ ከእነዚያው ደንበኞች ብዙዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ይከፍላሉ። ይህን ለውጥ ያመጣው በሽታው ነው ይባላል። እኔ ግን በሽታው በሩን ከፈተ እንጂ ወደ ውስጥ ያስገባን ሌላ ነገር ነው እላለሁ።

ፍርሃት ብቻውን አያስለምድም

የጤና ባለሙያዎች ሰው ራሱን ከበሽታ ለመጠበቅ ልማዱን መቼ እንደሚለውጥ ለመረዳት ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚጠቀሙበት አንድ አስተሳሰብ አለ። ባጭሩ ሰው አራት ነገር ይመዝናል። በሽታው ሊይዘኝ ይችላል ወይ? ቢይዘኝ ምን ያህል ይጎዳኛል? የተመከርኩት ነገር ይጠቅመኛል ወይ? ለማድረግስ ምን ያህል ይከብደኛል?

በ2012 ዓ.ም አሶሳ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሞልተው ነበር፤ ሁሉም ሰው ፈርቷል። የጎደለው የመጨረሻው ነው። የንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር በ*847# ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን የሽንኩርት ነጋዴዋ ካልተቀበለችው ገዢዋ ብቻዋን ብትመዘገብ ምን ይፈይድላታል? ኬንያን ያየን እንደሆነ ኤምፔሳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሱቁ ገብቶ ስለነበር፣ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. እስከ 1,000 ሽልንግ ለሚላክ ገንዘብ ክፍያው ሲነሳ ሕዝቡ በእጁ ባለው ነገር ላይ አጠቃቀሙን ጨመረ። እኛ ግን ፍርሃቱ ሲበረታ መሣሪያው በእጃችን አልነበረም። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ነው፤ ከመጀመሪያው ሕመምተኛ ከዓመት በላይ ዘግይቶ፣ ሰዉም ማስኩን ማውለቅ በጀመረበት ጊዜ ማለት ነው። በሰኔ 2014 መጨረሻ ግን ተጠቃሚው ከ20 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ እንዴት ይሆናል?

ታዲያ ምን አመጣን?

አንደኛው ሕግና ግዴታ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ተቋማትም የክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ ፈቀደ። በግንቦት 2012 ከባንክ በጥሬው የሚወጣ ገንዘብ ላይ ጣሪያ ተደረገ፤ በመስከረም 2013 የብር ኖት ተለወጠ። በየቤቱ የተቋጠረ ብር ወደ ባንክ መሄድ ግድ ሆነበት። በ2015 ደግሞ ነዳጅ በስልክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲደረግ የባጃጁ ሾፌር ሳይወድ ተመዘገበ። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ግን ዳቦም በዚያው መግዛት ጀመረ።

ለእኛ አካባቢ ግን ከሁሉ የከበደው መንገዱ ነው ብዬ አምናለሁ። በወለጋ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ምክንያት በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ ብር በኪሱ ይዞ መጓዝ ለነጋዴ ከኮሮና የበለጠ ስጋት ሆነበት። ከኩርሙክ ወይም ከመንጌ አሶሳ ድረስ ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ ከመምጣት በስልክ መላክ የነፍስም የንብረትም ጥበቃ ነው። ዩኒቨርሲቲ ልጅ ያላቸው ወላጆችም ተቀላቀሉ። ልጁ “በቴሌብር ላኩልኝ” ካለ አባት ወደደም ጠላም ይማራል።

የእምነት ጉዳይም አለበት። ወለድን ሸሽተው ከባንክ ርቀው የኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉን። በ2013 ዓ.ም እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ መጀመራቸው የነዚህን ሰዎች ጥርጣሬ አለዝቧል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ገንዘብ መላክና መክፈል አንድ ጉዳይ ነው፤ በዚያው ስልክ የሚቀርብ ብድር ሌላ ጉዳይ ነው። በብድሩ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ከመጫናችሁ በፊት ዓሊሞችን ጠይቁ። ፈትዋ የእኔ ሥራ አይደለም።

ለጤናችንስ ምን ጠቀመ?

ከኮሮና አንፃር፣ እንደፈራነው አልነበረም። በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣ የላቦራቶሪ ጥናት ቫይረሱ በፕላስቲክ ላይ እስከ ሦስት ቀን፣ በካርቶን ላይ እስከ አንድ ቀን መቆየት እንደሚችል ስላሳየ ሁላችንም ደነገጥን። በኋላ እንደታወቀው ግን ዋናው መተላለፊያ አየር ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. የተበከለ ዕቃ አንዴ በመንካት የመያዝ ዕድሉ በአጠቃላይ ከ10,000 ከአንድ ያነሰ መሆኑን ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅትም “ብር አትንኩ” አላለም፤ ያለው ብር ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ ነው። በተጨናነቀና መስኮቱ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ቆሞ በስልክ የከፈለ ሰው ከቫይረሱ አልተጠበቀም።

ይህ ማለት ግን ብር ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ጅማ ከተማ ከምግብ ሻጮች በተሰበሰቡ የብር ኖቶች ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ስታፊሎኮከስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎችን አግኝቷል። ተቅማጥ፣ አሜባ፣ ታይፎይድና የሆድ ትላትል ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳሉ። ጣትን በምራቅ እያረጠቡ ብር መቁጠር የሌላውን ሰው እጅ እንደመላስ ነው፤ ይህን ልማድ ዛሬውኑ ተዉት። በኅዳር 2018 ዓ.ም በጂንካ የታየው ማርበርግ ደግሞ በሕመምተኛው የሰውነት ፈሳሽ ንክኪ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ንክኪን መቀነስ ለአንዱ በሽታ ጥቂት፣ ለሌላው ብዙ እንደሚጠቅም ያስታውሰናል።

ስልኩም ቢሆን ንጹሕ አይምሰላችሁ፤ ከእኛ ጋር ሽንት ቤት ይገባል፣ ማዕድ ላይ ይቀመጣል። በ70 በመቶ አልኮል የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃዋል። 96 በመቶው ይበልጣል ብላችሁ አትግዙ፤ አልኮሉ ጀርሙን እንዲገድል ውሃም ያስፈልገዋል። የባንክ ማሽን የነካችሁ እንደሆነ ብዙ ሰው የተጫነውን ቁልፍ ነው የጫናችሁት።

ስልክ የሌላቸውን እናስብ

ቴሌብር ሲጀምር ከነበሩት ቋንቋዎች መካከል የበርታ ቋንቋ አልነበረም። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን የሚስጥር ቁጥራቸውን ለባለ ሱቁ ወይም ለወኪሉ ይነግራሉ፤ ይህ ቁልፍን ለመንገደኛ እንደመስጠት ነው። ቁጥሩን ማወቅ ያለባት እሷ ናት፤ የግድ ከሆነም አንድ የምታምነው ልጇ ብቻ ይወቀው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ለታመመ ልጅ ኦ.አር.ኤስ የሚገዛ ሰው ጥሬ ብር ያስፈልገዋልና ጥቂት በቤት ይኑር። መድኃኒት ቤቶችም “በስልክ ካልሆነ አንሸጥም” ማለት የለብንም።

ማንጎ ቆርጠው ለሚሸጡ እህቶች፦ ሁለት ከሆናችሁ አንዷ ትቁረጥ፣ ሌላዋ ገንዘብ ትቀበል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ገዢው ብሩን በራሱ እጅ ጣሳ ውስጥ ይክተት፣ መልሱንም ከዚያው ያንሳ። ውሃና ሳሙና ከሌለ ማንጎው ሳይላጥ ይሸጥ።