በእምነት ስም የደረሰ ቁስል፤ ከደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት እስከ መንዝ ሰንበቴ

የአንድ ሰው አመጋገብ፣ ጋብቻ፣ ወዳጅነትና የቀብሩ ሥርዓት ሳይቀር በአንድ የእምነት ማኅበር ወይም መሪ ትእዛዝ ሥር ሲወድቅና ከትእዛዙ ዝንፍ ማለት ከእግዚአብሔር መለየት ተደርጎ ሲቈጠር፣ ሰውየው ማኅበሩን ትቶ ከወጣ በኋላም ፍርሃቱ ለዓመታት ሊከተለው ይችላል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሊን ዊኔል በ2011 እ.ኤ.አ. ለዚህ ጉዳት ራሱን የቻለ ስም የሰጠች ሲሆን፣ ስያሜው በይፋዊ የበሽታዎች መዝገብ ባይገባም ምልክቶቹ፣ ማለትም የገሃነም ሥጋት፣ የእንቅልፍ መረበሽ፣ በራስ ውሳኔ አለመተማመንና ከዘመድ መቈራረጥ የሚወልደው ኀዘን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ካካተተው ውስብስብ የድኅረ አደጋ ጭንቀት ጋር በብዙ ይቀራረባሉ።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ጉዳቱ ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ሕዝቡ ሰይጣንንና ጣዖታትን መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ በግንባሩና በእጆቹ ላይ እንዲይዝ ማዘዛቸውን የራሳቸው ዜና መዋዕል ይመሰክራል። በእምነት ጉዳይ ሹክ ማለት የተለመደበት ዘመን ስለ ነበረ፣ በጠቋሚዎች ቃል ከተቀጡት መካከል የንጉሡ የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ይገኙበታል። ለንጉሥ መስገድን ያልተቀበሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት፣ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ በሰማይ ብርሃን መታየቱን ዜና መዋዕሉ እንደ መለኮታዊ ምስክር ቈጥሮ ያወሳል፤ የደብረ ብርሃን ከተማ ስም የተገኘው ከዚያ ነው። ለአሸናፊው የጽድቅ ምልክት የሆነው ብርሃን ለተወገሩት ወገኖች ምን እንደ ነበር የሚጠይቅ አንባቢ፣ የሃይማኖት ቁስል ከሌላው ግፍ የሚከፋበትን ምክንያት ያገኛል፤ ተበዳዩ አቤት የሚልበት አምላክ ራሱ የበዳዩ ምስክር ተደርጎበታልና።

ከዚያ ዘመን ታሪኮች አንዱ ከፍርሃት የመውጣትን መንገድ ቀረብ አድርጎ ያሳያል። የልዑል በእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ልጇን ለማንገሥ አሲራለች ተብላ በንጉሡ ትእዛዝ ተገርፋ ስትሞት፣ ልዑሉ ሞቷን ሰምቶ ለተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን በድብቅ ዕጣንና ሻማ ሰጠ። ንጉሡ ይህን ሲሰሙ ተቈጥተው አሰሩት፤ እናቱን ማዘኑ ወንጀል ሆነበት። በኋላ በመነኮሳት ሽምግልና ታረቁ፣ አባቱም ሲሞቱ ነገሠ፤ በነገሠም ጊዜ እስረኞችን ፈታ፣ የእናቱንም ተዝካር በይፋ አወጣ። በድብቅ የተሰጠው ዕጣን በአደባባይ ተዝካር መተካቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማዘን የተከለከለ ሰው በሙሉ ድምፁ እስካላዘነ ድረስ ቢወጣም አልወጣም። ሆኖም የደቂቀ እስጢፋኖስ መከራ በበእደ ማርያም ዘመን አላበቃም፤ ታሪካቸው በገድሎቻቸው ተጠብቆ ቈይቶ፣ ብዙው የአማርኛ አንባቢ ያወቃቸው ከሸዋ ሸንኮራ የተገኙት ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» በሚለው መጽሐፍ ካቀረቡት በኋላ ነው።

ዛሬ የንጉሥ ትእዛዝ የለም፤ የገጠሩ ሰው ግን ብቻውን አይኖርም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አንድ ቤተሰብ በየወሩ የሚዞር የጽዋ ማኅበር፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ የሚቀመጥበት ሰንበቴ፣ የነፍስ አባትና እድር አለው፤ ተራው ሲደርስ ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ያልቀረበ ሰው መቅረቱ በዚያው ቀን ይታወቃል። ይህ ትስስር ደግ ነው፤ የታመመን ይጠይቃል፣ የሞተን ይቀብራል። ከእምነቱ የወጣ ሰው የሚያጣውም ይህንኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሆነ መውጣት እንደ ሞት ይከብዳል። ከየትኛውም ወገን ወደ የትኛውም ይሂድ፣ ጥብቅ ትእዛዝ ባለው አዲስ የጸሎት ቡድን ውስጥ ቈይቶ የወጣም ቢሆን፣ «መናፍቅ» ወይም «ከሃዲ» ተብሎ ፊት ይዞርበታል። ውርጭ ገብሱን ሲያቃጥለው ወይም ልጁ ሲታመም ግዝቱ ደረሰብኝ ብሎ ይደነግጣል፤ ግዝት ማለት በእግዚአብሔር ስም የሚጣል ማሰሪያ ነው፤ አሳሪውን መፍራት ያቆመ ሰው እንኳ ማሰሪያውን መፍራት አያቆምም።

ሐኪም ይህን ፍርሃት እንደ ድንቁርና ቢያየው በሽተኛውን ያጣዋል። የሰሜን ሸዋ ሰው አእምሮው ሲታወክ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው እንደ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ወዳሉ ጸበሎች ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ለብዙዎቹ ኋላ የሚታሰብ ነው። የቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ማለት ለአንዱ ትልቅ ዕረፍት ሲሆን፣ የእግዚአብሔር ስም ሲገዘትበት ሰምቶ ላደገው ሌላ ሰው ደግሞ ላብ የሚያጠምቅ ነው። ስለዚህ ማገገም ወደ እምነት መመለስንም ሆነ ከእምነት መራቅን እንደ ግዴታ ሊያስቀምጥ አይገባውም፤ ምርጫው የተጐዳው ሰው ነው፤ ለዓመታት የተወሰደበትም ይኸው መምረጥ ነበርና። ሰዓት ወስዶ የሚያዳምጥ ነርስ፣ ሳይገዝት የሚሰማ ካህን፣ ሌሊት ሲደነግጥ ስሙን ጠርቶ የሚያረጋጋው ዘመድ ከተገኘለት ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ይላላል።

የሚቀረው የቀብር ጉዳይ ነው። እድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ሃይማኖት የለወጠን አባል መዋጮውን እስከ ከፈለ ድረስ እንደሚቀብሩ በግልጽ ቢጽፉ፣ ብዙ ሰው በየሌሊቱ የሚያባንነው ጥያቄ፣ «ማን ይቀብረኛል?» የሚለው፣ መልስ ያገኝ ነበር።