ስልኩን የት እናስቀምጠው?

ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሞባይሉን ድምፅ ያጠፋና በፊቱ ደፍቶ ከደብተሩ አጠገብ ያኖረዋል። በዚህም በራሱና በስልኩ መካከል ድንበር ያበጀ ይመስለዋል። ለመሆኑ ይህ ድንበር ይጸናልን?

ጥያቄውን ኤድሪያን ዋርድና ሦስት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ፈትሸውታል። ተሳታፊዎቹ የስልካቸውን ድምፅ ካጠፉ በኋላ ከፊሎቹ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊሎቹ በኪስ ወይም በቦርሳ፣ የቀሩት ደግሞ በሌላ ክፍል እንዲያስቀምጡት ተደረገ። ከዚያም የትውስታና የማመዛዘን ፈተና ተሰጣቸው። ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉት ጠረጴዛ ላይ ካኖሩት የተሻለ ውጤት አመጡ። የሚያስገርመው፣ ሲጠየቁ አብዛኞቹ የስልኩ ቦታ ምንም ለውጥ አላመጣብንም ማለታቸው ነው። እንደ አጥኚዎቹ አስተያየት፣ ስልኩን ላለማሰብ የምናደርገው ትግል ራሱ ለጥናት የሚያስፈልገንን የአእምሮ ጉልበት ይሻማል።

እርግጥ ነው፣ ሙከራውን በኋላ የደገሙት ሁሉ ይህን ልዩነት አላገኙም፤ ስለዚህ እንደ ጸና ሕግ አንቆጥረውም። እጃችን ወደ ስልኩ የሚቸኩልበትን ምክንያት በተመለከተ ግን የቆየ ምርምር ፍንጭ ይሰጠናል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እንዳሳዩት፣ ቁልፉን በመንቁሯ ስንት ጊዜ ስትመታ ምግብ እንደሚወርድላት የማታውቅ ርግብ ያለ ዕረፍት መምታቷን ትቀጥላለች። መልእክትም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ረብ የለውም፤ ደስ የሚያሰኘው መቼ እንደሚመጣ ግን አይታወቅም።

ታዲያ ስልኩን መዝጋት ነው? ከቤተሰቡ ርቆ ለሚማር ወጣት ይህ ቀላል አይደለም። ጥሪዋ ሳይነሳ የቀረ እናት ሌሊቱን በሐሳብ ታድራለች። እኛ የሚሻለው በመጀመሪያ ለቤተሰብ መንገር ነው እንላለን፤ ለምሳሌ «ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት አጠናለሁ፤ ከዚያ በኋላ እደውላለሁ» ብሎ። ዘመናዊ ስልኮች ከተመረጡ ቁጥሮች በቀር ሌላውን ጥሪ ጸጥ የሚያደርጉበት ዘዴ ስላላቸው፣ ለክፉም ለደጉም የእናትና የአባት ቁጥር ክፍት ሊሆን ይችላል።

በዶርም ውስጥ «ሌላ ክፍል» ከየት ይመጣል የሚል አይጠፋም። ስልኩን ዶርም ቆልፎ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ አንዱ መንገድ ነው። የቤተሰብ ጥሪ ለሚጠብቅ ደግሞ፣ ከአጠገቡ የሚያጠና ጓደኛ ስልኩን ይያዝለት፤ የጓደኛውን እርሱ ይያዝ። የሰው ስልክ ከፍቶ መልእክት ማንበብ ያሳፍራልና።